ልጄ ቫዮሊን እንጂ ፋርማሲ አልፈልግም አለች

ጥያቄ፦

"እህቴ፣ የምትጽፊውን ሁሌ አነባለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ 11ኛ ክፍል ናት። ቫዮሊን የጀመረችው አራተኛ ክፍል እያለች፣ ትምህርት ቤት ባዋሷት መሣሪያ ነው። አሁን ሌላ ነገር አይታያትም። ኮንሰርቫቶሪ፣ የሙዚቃ ኮሌጅ ማለት ነው፣ ነው የምገባው ትላለች። አባቷ ፋርማሲ እንድትማር ነው የሚፈልገው፤ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያጠራቀመው ለዚያ ነው። በቀደም ዘመድ ቤት ወሬው ተነሥቶ አንዷ 'አሜሪካ ድረስ መጥታችሁ ልጃችሁን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?' አለችን። ባሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቫዮሊን ሲነሣ ዝም ይላል። አስተማሪዋ ደግሞ 'የያዘችው ቫዮሊን አይበቃትም፣ የ12,000 ዶላር አንድ አለ' ብሎናል። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ማታ ማታ በሯን ዘግታ ያንኑ አንድ መስመር ሺህ ጊዜ ትደጋግመዋለች። በእንቅልፌ ሳይቀር እሰማዋለሁ። ይሄ ጤነኛ ነገር ነው? ሥራውስ ሰው ያኖራል? ምን ልበላት?"

የጨነቃት እናት

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ልጅሽ ያንኑ መስመር ሺህ ጊዜ የምትደጋግመው ስላመማት አይደለም። እየሠራች ነው። ቫዮሊን እንደዚያ ነው የሚሠራው።

እኔ ቫዮሊን ከያዝኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማርኩ፣ ቀሪውን ውጭ አገር ጨረስኩ። አሁን እዚሁ አሜሪካ በአንድ መካከለኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን እጫወታለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆች አስተምራለሁ። ዛሬ ጠዋት ምን ስሠራ እንዳረፈድኩ ልንገርሽ። አንድ ስኬል፣ ድምፆቹን በተራ ወደ ላይና ወደ ታች መውጣት መውረድ ማለት ነው፣ ተጫወትኩ። አንድ ብቻ። በጣም በዝግታ፣ በአንድ የደጋን ጉተታ አንድ ድምፅ እያወጣሁ፣ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ለዚህ ሳምንት ኮንሰርት ከተሰጠን ኖታ ላይ ሦስት መስመር መርጬ እነሱን ስፈትግ ቆየሁ።

ለምን መሰለሽ? ጊታር አንገቱ ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ብረት አለው። ቫዮሊን የለውም። ጣትሽ አንዲት ሚሊሜትር ከሳተች ድምፁ ይበላሻል። ዓይን አያግዝሽም። ያሉሽ ጆሮና ጣት ናቸው፤ ጣት ደግሞ ቶሎ ይረሳል። ሁለት ቀን ሳልነካው ከዋልኩ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሳምንት ከሆነ አጠገቤ የምትቀመጠው ታውቅብኛለች።

ስለዚህ "ተሰጥኦ አላት ወይ?" የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዪው። ተሰጥኦ ያላቸው፣ ግን ብቻቸውን መሆን አቅቷቸው የተዉ ብዙ ልጆች አውቃለሁ። መድረክ ላይ የምንወጣው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ዕድሜሽ የሚያልቀው በር ዘግተሽ ነው። ልጅሽን የምታውቂው እዚያ በር ላይ ነው። አንድ ማታ ወጥሽን ምድጃ ላይ ጥደሽ ኮሪደሩ ላይ ቁሚና አዳምጪያት። ሙዚቃ ማወቅ አይጠበቅብሽም። መስመሩን ከላይ እስከ ታች እየጋለበች፣ እዚያው ቦታ ላይ እየተሳሳተች፣ እንደገና ከላይ ትጀምራለች? ወይስ የተሳሳተችበት ቦታ ላይ ስትደርስ ትቆማለች? ፍጥነቱን ትቀንሳለች? ሁለት ድምፅ ብቻ ነጥላ ትሞክራለች? ዝም ትልና እርሳስ ስትጭር ይሰማሻል? የመጀመሪያው ድካም ብቻ ነው፣ አስተማሪዋ ሊያርመው ይገባል። ሁለተኛው ከሆነ ግን የቤትሽ ልጅ ሙያዋን ጀምራለች።

አሁን ወደ "አዝማሪ" ልምጣ። ይሄ ቃል እኔንም ነክቶኛል። ያሬድ ስገባ አክስቴ አልቅሳለች። በደስታ አልነበረም።

አዝማሪ የሚለው ቃል ከ"ዘመረ" ነው የመጣው። መዝሙርም፣ ዝማሬም፣ መዘምርም ከዚያው ናቸው። መሪጌታው ዜማ ለመማር ስንት ዓመት ከቤቱ ርቆ ሲከራተት "ምነው ሌላ ሥራ አጣ?" ያለው የለም። ቅዱስ ያሬድን እናከብራለን፣ ስሙን ለልጆቻችን እናወጣለን። መሰንቆ የያዘውን ግን ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን፣ ዘመድ እንዳይሆነን እንሸሻለን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄ ነገር ያሳዝነኛል። የልጅሽ ደጋን ላይ የተወጠረው ከ150 እስከ 200 የሚሆን የፈረስ ጭራ ነው። የመሰንቆው ደጋንም የፈረስ ጭራ ነው፤ መሰንቆው ያለችው አንዲት ክር ራሷ የፈረስ ጭራ ናት። ያሬድ ሳለሁ ከጎናችን ክፍል መሰንቆ ሲቃኝ እንሰማ ነበር። ትዝታን በአንድ ክር እንዲያ ሲያስለቅሱት እኔ በአራት ክር አቅቶኝ በቅናት እሞት ነበር።

ለዚያች ዘመዳችሁ መልስ መስጠት ካስፈለገ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ንገሪያት። ሰው የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። በልጅነታቸው ግን ቫዮሊን ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1923 የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው ተወለዱ፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተላኩ፣ ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮቪች ከሚባል የፖላንድ ቫዮሊኒስት ዘንድ ተማሩ። እዚያ ቫዮሊኑንም ፒያኖውንም በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ይለማመዱ ነበር። በኋላ መነኰሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። እሳቸውንም አዝማሪ ሊላቸው የሚደፍር ካለ ይበል።

የባልሽ ዝምታ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ይመስለኛል። አንድ አባት ሌሊቱን ሙሉ መሪ ይዞ ሲያድር የሚያስበው ልጁ እንደሱ እንዳትለፋ ነው። ፋርማሲ ማለት ለሱ የተዘጋ በር፣ ሞቅ ያለ ቤት፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚገባ ደመወዝ ነው። ክፋት የለበትም። የማያውቀውን ነገር ነው የፈራው። ስለዚህ በቃል አትከራከሪው፣ ይየው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችሁ ነው። የሙዚቃ ተማሪዎቹ የሚያቀርቧቸው ብዙ ኮንሰርቶች በነፃ ናቸው። አንዱን ምሽት ሥራውን አስፈቅደሽ ውሰጂው። ሌላ ቀን ደግሞ ስትራዝሞር ሂዱ፣ ባልቲሞር ሲምፎኒ እዚያ ይጫወታል። ኦርኬስትራውን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚመራው ጆናቶን ሄይዋርድ በታሪኩ የመጀመሪያው ጥቁር የሙዚቃ ዳይሬክተር ነው። ባልሽ ያንን በዓይኑ ቢያይ የሚለው ነገር ይለወጥ ይሆናል።

እንጀራ ይሆናል ወይ? ለዚህ ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም።

አሜሪካ ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች አሉ። እዚያ ቋሚ ወንበር ያገኘ ሰው መነሻ ደመወዙ በዓመት ከ150,000 ዶላር በላይ ነው፣ ኢንሹራንስና ጡረታ አለው። ከዚያ በታች ያለው ሕይወት የኔ ነው። የሚከፈለኝ በልምምድና በኮንሰርት ተቆጥሮ ነው። እንደኔ ባሉ ኦርኬስትራዎች አንዱ ጥሪ፣ ልምምድም ይሁን ኮንሰርት፣ 100፣ 150፣ አንዳንዴ 200 ዶላር ነው። ልምምዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ መንገዱ ደግሞ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፤ ቤቴን በእርግጠኝነት የሚያቆመው እሱ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሠርግ እንጫወታለን። ዲሴምበር ሲመጣ ነትክራከር የሚባለውን ባሌት በአንድ ወር ሃያ ጊዜ እጫወታለሁ፣ ጣቴ ኖታውን ሳያይ ይሄዳል። ከጁን እስከ ኦገስት ደግሞ ብዙም ሥራ የለም። ለዚያ ከብርዱ ወራት ጀምሮ እቆጥባለሁ። የጤና ኢንሹራንሳችን በባለቤቴ መሥሪያ ቤት በኩል ነው።

ሌላው ሲያርፍ እኛ እንሠራለን። ቅዳሜ ማታ፣ እሁድ ከሰዓት። የትንሣኤ ሌሊት ቤተሰቤ ቤተ ክርስቲያን ሲያድር እኔ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ከኮንሰርት የተመለስኩበት ዓመት አለ። የኛ ገና ታኅሣሥ 29 መዋሉ ግን በጀኝ፣ የፈረንጆቹ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ዶሮዬን በሰላም እሠራለሁ።

ወደዚያ ቋሚ ወንበር የሚያስገባው ኦዲሽን ነው፣ ዳኞች ፊት እየተጫወቱ የሚፈተኑት ፈተና። ለአንድ ወንበር ከመቶ በላይ ሰው ሊመጣ ይችላል። አውሮፕላኑንም ሆቴሉንም የምትከፍዪው ራስሽ ነሽ። ዳኞቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ፣ ስምሽን አይሰሙም፣ ቁጥር ነሽ። ይሄን መጋረጃ ቦስተን ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1952 ጀመረው፣ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ተከተሉ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ የሴት ጫማ ተረከዝ እንዳይሰማ። መናገር አይፈቀድም። ጥያቄ ካለሽ አጠገብሽ ለቆመው ሠራተኛ በጆሮው ትነግሪዋለሽ፣ እሱ ይጠይቅልሻል። አንዴ ቁጥር 47 ሆኜ ገባሁ። አራት ደቂቃ እንኳ አልሞላሁም፣ "አመሰግናለሁ" የሚል ድምፅ መጣ። ጫማዬን ሳላስር ወጥቼ አየር ማረፊያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። አሁን ያለሁበትን ወንበር ያገኘሁት በአሥራ ሁለተኛው ኦዲሽን ነው። ካገኘሽም በኋላ አንድ ሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜ አለ።

ሌላም ነገር እወቂ። የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ከኦርኬስትራ ተጫዋቾች ጥቁሮቹ 2.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ልጅሽ ብዙ ክፍል ውስጥ ብቻዋን እንደሷ የምትመስል ትሆናለች። ይሄ ይከብዳል። ዲትሮይት ላይ ስፊንክስ የሚባል ድርጅት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተ፣ ለጥቁርና ለላቲኖ የክር መሣሪያ ተጫዋቾች የቆመ። ለታዳጊዎች የክረምት ሥልጠናም፣ ውድድርም አለው። ስሙን አሁኑኑ ጻፊው። በኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገረኝ አልነበረም።

ስለ ጤና ላነሣሽው ደግሞ፣ ከድግግሞሹ ይልቅ ክንዷን ጠብቂላት። እኔ በ27 ዓመቴ ግራ ክንዴን ሲያመኝ ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። ሰነፍ እንዳልባል። መጨረሻው ሦስት ወር ሙሉ ቫዮሊን መንካት አልቻልኩም፣ የውሃ ብርጭቆ ለማንሣት ቀኝ እጄን እጠቀም ነበር። ልጅሽ ሃምሳ ደቂቃ ስትሠራ አሥር ደቂቃ ትረፍ። "ትንሽ ያመኛል" ካለች ያን ቀን ይብቃት። አንገቷ ላይ፣ በግራ መንጋጋዋ ሥር ጠቆር ያለ ምልክት ካየሽ ግን አትደንግጪ። እኔም አለኝ። ነጠላ ሳጣፋ የሚያዩ ሴቶች "ቃጠሎ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ሥራዬ ነው እላቸዋለሁ።

ስለ 12,000ው ዶላር። አሁን አትግዙ።

አስቀድማችሁ የያዘችውን ቫዮሊን ጥሩ ሠሪ ዘንድ ውሰዱት። አዲስ ክር ይደረግለት፣ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ድልድይ ይታይ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ የእንጨት ምሰሶ በቦታዋ መሆኗ ይረጋገጥ። ፈረንሳዮች ያቺን ምሰሶ "ነፍስ" ነው የሚሏት፣ ትንሽ ከተነቃነቀች መሣሪያው ሌላ ይሆናል። የደጋኗ ፀጉር መቼ ነው የተቀየረው? ዓመት ካለፈው መቀየር አለበት። ይሄ ሁሉ በጥቂት መቶ ዶላር ያልቃል፣ የሚያመጣው ለውጥ ያስገርምሻል። ከዚያም አልበቃት ካለ፣ የተሻለ ቫዮሊን የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ አንዳንዶቹ ኪራዩን ከመግዣው ላይ ይቀንሱላችኋል። የግድ የምትገዙ ከሆነም ሁለት ሳምንት ቤት ወስዳችሁ ሞክሩት፣ ሌላ ሠሪ ዋጋውን በጽሑፍ ይገምትላችሁ። አስተማሪዋንም ከሻጩ ኮሚሽን ያገኝ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂው። ቅር ሊለው አይገባም። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም፣ የባልሽ የሌሊት እንቅልፍ ነው ያ ገንዘብ።

ቫዮሊኑን መኪና ውስጥ ትታ እንዳትሄድም ንገሪያት፣ አምስት ደቂቃም ቢሆን። የተጣበቀው በእንስሳ ቆዳ ሙጫ ነው፣ በሙቀት ይለቃል። በብርዱ ወራት ደግሞ የቤታችሁ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው እንጨቱ ይሰነጠቃል። ክፍሏ ውስጥ አየር የሚያረጥብ ትንሽ ማሽን አድርጉ።

ትምህርቱን በተመለከተ ፋርማሲና ቫዮሊን የግድ የሚጣሉ አይደሉም። ሁለቱን አብራ የምትይዝበት መንገድ አለ። በሙዚቃ ዲግሪ እየተማረች የሳይንስ ኮርሶቹን ጎን ለጎን መውሰድ ትችላለች፣ እንደዚያ አድርገው ሕክምና የገቡም አሉ። የሙዚቃ መምህርነት ዲግሪም አለ። የማስተማር ፈቃድ ይዛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብትገባ ደመወዝም ኢንሹራንስም አላት። ልጅሽን አራተኛ ክፍል እያለች ቫዮሊን ያስያዛት ሰው እኮ ይሄን የተማረ ነው። ለባልሽ ይሄንን አስታውሺው።

ገንዘቡም እንደምትፈሪው ላይሆን ይችላል። ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተቀበለውን ተማሪ ሁሉ ከ1928 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ትምህርት ክፍያ ያስተምራል፣ መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ነው። ባልቲሞር ፒቦዲ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፣ ከቤታችሁ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ እርዳታ ይሰጣል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የግዛቱ ነዋሪዎች ስለሆናችሁ ለናንተ ዝቅ ባለው የነዋሪ ዋጋ ነው። ጀርመን ውስጥ የመንግሥት የሙዚቃ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ክልሎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ጀርመንኛውን ግን መማር አለባት። ለማስተርስ ዬል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከክፍያ ነፃ ነው።

አንድ ቀን ግን ልብ በዪ። ዲሴምበር 1። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻውን የሚዘጉት 12ኛ ክፍል እያለች ያን ቀን ነው፣ ያኔ የተቀረፀ ቪዲዮም ይጠይቃሉ። ቪዲዮውን ያለፈች ከጃንዋሪ እስከ ማርች በአካል ትጠራለች። ስለዚህ አሁን ያላችሁ ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ከመወሰናችሁ በፊት ከአስተማሪዋ ሌላ፣ ምንም የማያገናኛችሁ አንድ ባለሙያ ይስማት። ፒቦዲም ሜሪላንድም ያሉ መምህራን በቅድሚያ ሲጠየቁ የሙከራ ትምህርት የሚሰጡበት ጊዜ አለ። አንድ ሰዓት ከፍላችሁ እውነቱን ጠይቁ። ልጅቷም እዚያው ሆና ትስማው፣ ሕይወቷ ነው።

ላንቺ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ያን በእንቅልፍሽ የምትሰሚውን መስመር ዛሬ ማታ በሩ ላይ ቆመሽ በስልክሽ ቅጂልኝ። ድምፅሽን አታሰሚ፣ ታቆማለች። ሦስት ደቂቃ ይበቃኛል። ከየትኛው ሥራ እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ የት ላይ እንደከበዳትም ሳላውቀው አልቀርም፣ እኔንም እዚያው ላይ አስቸግሮኝ ይሆናል።